ወጥ ቤቱን ወደ ተራራው

ዊዳድ ውድድሩን ማሸነፏን የሰማችው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በስልክ ነው። ደዋዩ የዩኒቨርሲቲው የግንባታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ኢንጂነር ኒቆዲሞስ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለዎት። ዘጠኝ ድርጅቶች ቀርበው ነበር፤ ዳኞቹ የእርስዎን ንድፍ መርጠዋል» አላት።

«አመሰግናለሁ። ጠብቄው ነበር» አለችው።

ስልኩን ስትዘጋ ጋሽ ሣህሉ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ ሳቀባት። «ሰው እኮ እንዲህ ሲባል ‹አልጠበቅሁም ነበር› ነው የሚለው።»

«ጠብቄያለኋ! ልዋሽ?»

ውሸት አልነበረም። ዊዳድ ድሬ ዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ተወልዳ ያደገች የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ተምራ፣ እዚያው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባለ መስታወት ፎቅ ስትነድፍ ቆየች። በሠላሳ አራት ዓመቷ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ድሬ ዳዋ ተመለሰችና ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች የራሷን ቢሮ ከፈተች። የመጀመሪያ ሠራተኛዋ ጋሽ ሣህሉ ነበር፤ የምድር ባቡር ግንበኛ ልጅ፣ ራሱም አርባ ዓመት በፎርማንነት የሠራ፣ ፕላን እንደ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች የላኩት ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር መጽሔት የተቀዳ መስታወት መሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበር። ድሬ ዳዋ ላይ መስታወት ማለት ደግሞ ምጣድ ማለት ነው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ወደ ሐርላ በሚወስደው መንገድ ላይ አዲስ ግቢ እየሠራ ነበር፤ በስተሰሜን ሜዳው፣ በስተደቡብ ተራራው። እዚያ መሀል አንድ ሺህ ሁለት መቶ ተማሪ በአንድ ጊዜ የሚመገብበት አዳራሽ፣ ከላዩ ደግሞ ክበባት የሚሰበሰቡበት፣ ተማሪ የሚያነብበትና የሚጫወትበት ማዕከል ይፈለጋል። ዊዳድ ግድግዳውን ከአካባቢው ድንጋይ ወፍራም አደረገችው፤ ጣሪያውን ከግድግዳው አራት ሜትር አሳልፋ ጥላ ሰጠችው። በተራራው በኩል ከመሬት እስከ ላይኛው ፎቅ የሚወጣ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ አደረገችለት፤ ሦስት መቶ ተማሪ ከሰዓት በኋላ ጥላው ውስጥ ተቀምጦ ተራራውን እያየ የሚያወራበት። ውድድሩን ያሸነፈው ያ ደረጃ ነው። የቤቱ ሥዕል ውሉ በተፈረመ በሳምንቱ የመኪና ያህል ትልቅ ሆኖ ታትሞ ግቢው በር ላይ ተሰቀለ።

በሦስተኛው ሳምንት ዊዳድ የቧንቧውን ነገር ለማጣራት ወደ ነባሩ ግቢ ወጥ ቤት ሄደች። ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ መስሏት ነበር።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ የሺአረግ ይባላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ሲያበሉ የኖሩ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ከድስት ጩኸት በላይ የሚሰማ ሴት ናቸው። ዊዳድ ፕላኑን ዘርግታ፣ «እትዬ የሺአረግ፣ እርስዎ ሙቅ ውሃ የት የት ይፈልጋሉ?» ስትላቸው መጀመሪያ ያዩት ፕላኑን ሳይሆን እሷን ነው።

«የማን አገር ሰው ነሽ?»

«የዚሁ፤ መጋላ።»

«ታዲያ ምን አንቱ ትይኛለሽ? ድሬ ተወልደሽ! ድሬ አንቱ አያውቅም!» አሏት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ፕላኑን አዩት። «አንቺ፣ እኔ ብዙ አርክቴክት አይቻለሁ። ሁሉም ውሃው የት ይሁን ብሎ ይጠይቀኛል። አንዱም ድስት አንስቶ አያውቅም።»

«እኔ አነሳለሁ።»

«ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነይ። ሽርጥ እሰጥሻለሁ።»

ብትቀር ሊስቁባት አስበው ነበር። ዊዳድ ግን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት በባጃጅ ደረሰች። ያን ቀን ሽንኩርት ላጠች። በማግስቱ ሳሕራ ከምትባል የሶማሌ ወጥ ሠሪ ጋር የምስር ድስት ተሸከመች፤ በሁለቱ ጆሮዎቹ እንጨት አልፎ ሁለት ሰው የሚያነሳውን። ከምድጃው እስከ ምግብ ማደያው ሠላሳ ስምንት እርምጃ ነበር። በሃያኛው እርምጃ ላይ ክንዷ ዛለባትና ወደ ድስቱ አጎነበሰች።

«አባዮ፣ ወደ ታች አትዪ፤ ወደ ፊት እዪ» አለቻት ሳሕራ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። «ድስቱን ካየሽው ይከብዳል።»

ለምሳ ማደል የተጀመረው ከስድስት ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ዊዳድ ጭልፋ ይዛ ቆማ አዳራሹን ታይ ነበር። ሰባት ሰዓት ሲቃረብ አንድ ነገር ገረማት። ለማደያው የቀረቡት ጠረጴዛዎች አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። ተማሪው ሳህኑን እያነሳ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ይሄዳል፤ ቦታ ያጣው በር ላይ ቆሞ ይበላል።

«ለምንድነው የሚነሱት?» ብላ ጠየቀች።

«ነፋሱ መጣኣ» አለች ሳሕራ፣ ፀሐይ ወጣች እንደማለት። «ከሰዓት ነፋስ ከሜዳው ነው የሚመጣው። የኛን ጭስና የኛን ሙቀት ይዞ እነሱ ላይ ይደፋዋል። ወላሂ እዚያ ጋ በዚህ ሰዓት ማንም አይቀመጥም።»

ዊዳድ ጭልፋውን አስቀመጠች። የዚህ ወጥ ቤት ፊት ወደ ሜዳው ነው። የሷም ፕላን ወጥ ቤቱን ያስቀመጠው በሜዳው በኩል ነበር፤ መንገዱ በዚያ ስለሚያልፍ፣ የእህልና የአትክልት መኪና በቀላሉ እንዲገባ ብላ። ተራራውን ለደረጃው ሰጥታ፣ ወጥ ቤቱን ከነፋሱ ፊት አቁማዋለች። ማደያውስ? በልቧ ቆጠረችው፤ ከምድጃው አርባ አንድ እርምጃ። ከዚህኛው የባሰ።

ሦስተኛውን ቀን ቀርታ ማንም አይወቅሳትም ነበር፤ ግን መጣች፤ ነፋሱን በድጋሚ ለማየት። በዚያው ሰዓት መጣ። በዚያው ጠረጴዛ ተማሪው ተነሳ።

ቢሮ እንደደረሰች ጋሽ ሣህሉን «ተሳስቻለሁ» አለችው።

«ማን አየ?»

«እኔ።»

ነገሩን ከሰማ በኋላ ጋሽ ሣህሉ ራሱን አከከ። «ጭስ መሳቢያ ይጨመርበታ። ትልቅ ማራገቢያ።»

«መብራት ሲጠፋስ? ያን ቀን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው ጭስ ይብላ? ደግሞ ድስቱስ? ድስቱን በማራገቢያ አናመጣውም።»

አዲስ ወረቀት ዘረጋች። ወጥ ቤቱን ከሜዳው አንስታ ወደ ተራራው አዞረችው፤ ማደያውን ከምድጃው አጠገብ አመጣችው፤ አሥራ አንድ እርምጃ ሆነ። ጭሱ ከአዳራሹ ርቆ በነፋሱ እየተነዳ ወደ ተራራው ይሄዳል። ለጾመኛና ለፍስክ ሁለት ማደያ አደረገች። ነፋሱ የሚገባበትን የሜዳውን በኩል ደግሞ በረንዳ አድርጋ ከፈተችው፤ በረመዳን ምግቡን ተቀብሎ መግሪብ እስኪደርስ የሚጠብቀው ተማሪ እዚያ እንዲቀመጥ። ሁሉም ገጠመ። የቀረው የመኪናው መንገድ ብቻ ነበር። መኪናው ወደ ተራራው ዞሮ ለመምጣት የግድ በአንድ ቦታ ማለፍ አለበት።

ጋሽ ሣህሉ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ ሲያይ ቆይቶ፣ «ደረጃው ላይ ነው እኮ የሚያልፈው» አለ።

«አየሁት።»

«ያሸነፍሽው በደረጃው ነው።»

ዊዳድ ላጲሱን አንስታ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች አጠፋችው። ሲጠፋ ልቧ አዘነ፤ እጇ ግን አልቆመም።

ኢንጂነር ኒቆዲሞስ ሁለቱን ፕላኖች ጎን ለጎን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የድሬን ሙቀትም የድሬን ሰው ድፍረትም ገና አልለመደም።

«አርክቴክት ዊዳድ፣ ይህን እኮ ማንም አልጠየቀዎትም» አላት። «የተፈረመ ንድፍ ነው። ሥዕሉ በር ላይ ተሰቅሏል። ካሸነፈው የተለየ ነገር ካቀረቡ ሁለተኛ የወጣው ድርጅት በማግስቱ አቤቱታ ያስገባል። ውድድሩ ሊሰረዝ ይችላል፤ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«የመጀመሪያው ልክ ስላልሆነ። አሁን ወረቀት ነው፤ ስህተቱን የሚያጠፋው ላጲስ ነው። ከተሠራ በኋላ ግን የሚያጠፋው ዶማ ነው።» ፕላኑን ወደሱ ገፋ አደረገችው። «ዳኞቹን ይጥሩልኝ። ቦታው ላይ አሳያቸዋለሁ። ካላሳመንኳቸው ሥራውን ለሁለተኛው ይስጡት። ለሱም ግን ወጥ ቤቱን ወደ ተራራው እንዲያደርገው ይንገሩት።»

ኒቆዲሞስ ሳያስበው ሳቀ። «ይህን ያህል እርግጠኛ ነዎት?»

«ሦስት ቀን ሽርጥ ታጥቄ ነው እርግጠኛ የሆንኩት።»

ለቅዳሜ ተቀጠረ። ጋሽ ሣህሉ ገና ጎህ ሲቀድ ካስማና ገመድ ይዞ ወደ ግንባታው ቦታ ወጣ። አዳራሹን ሙሉ በሙሉ፣ በእውነተኛ ስፋቱ፣ በነጭ ኖራ መሬት ላይ አሰመረው፤ በሩን፣ ምሰሶውን፣ ማደያውን፣ በሜዳው በኩል የመጀመሪያውን ወጥ ቤት፣ በተራራው በኩል አዲሱን። ወይዘሮ የሺአረግ ከነሠራተኞቻቸው፣ ከነድስቶቻቸው በጭነት መኪና መጡ። ሁለት መቶ ተማሪ በአውቶቡስ ተከተለ። ነፃ ምሳ መባሉን ሰምቶ ሳይጠራ የመጣም ነበር።

ዳኞቹ አምስት ናቸው። ሰብሳቢው ከአዲስ አበባ የመጡ ሽማግሌ አርክቴክት ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው ድንኳኑ ስር ተቀመጡ። ድንኳኑ የተተከለው በኖራው አዳራሽ መሀል ነው። የሺአረግ እሳቱን በመጀመሪያው ፕላን ቦታ፣ በሜዳው በኩል አነደዱ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ጭሱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጣ። ስድስት ተኩል ሆነ። ጭሱ አሁንም ቀጥ እንዳለ ነው። ማደል ተጀምሯል፤ ተማሪው ሰልፍ ይዞ ይሳሳቃል፤ አንዱ ኖራውን ረግጦ ሲያልፍ ጋሽ ሣህሉ «አንተ! በግድግዳ ውስጥ አለፍክ እኮ!» ብሎ ጮኸበት። ከዳኞቹ አንዷ ሰዓቷን አየች። ኒቆዲሞስ ወደ ዊዳድ ጠጋ ብሎ፣ «ነፋሱስ?» አላት በሹክሹክታ።

«ይመጣል።»

«ዛሬ ባይመጣስ?»

«ኢንጂነር፣ እኔ እዚህ ነው ያደግሁት። ይመጣል።»

የሺአረግ ከእሳቱ ማዶ አዩአትና በጭልፋቸው ወደ ሜዳው አመለከቷት። እዚያ ራቅ ብሎ አንድ ስስ አቧራ ከመሬት ተነስቶ ነበር። ቀጥሎ አንድ ቢጫ ፌስታል እየተንከባለለ መጣ። ቀጥሎ የድንኳኑ ጨርቅ ጧ አለ።

ጭሱ ጎንበስ አለ። ከዚያ እንዳለ መጥቶ ዳኞቹ ላይ ተኛ። መጀመሪያ አንዷ ሳለች፤ ከዚያ ሁሉም። ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን አራገቡ፤ ዓይናቸው በእንባ ሞላ። ሰልፍ ላይ የነበረው ተማሪ ማንም ሳያዝዘው ሳህኑን ይዞ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ፈለሰ፤ ልክ እንደ ነባሩ ግቢ።

«ገባን! ገባን! እሳቱን አጥፉልን» አሉ ሰብሳቢው።

«ገና ነው ጋሼ» አለች ዊዳድ። «ግማሹ ተማሪ ምሳ አልበላም።»

እሳቱ በተራራው በኩል ተለኮሰ። ድስቶቹ ተሻገሩ። ነፋሱ እንደቀጠለ ነው፤ ጭሱ ግን ከወጥ ቤቱ ኋላ ወደ ተራራው ተንከባልሎ ሄደ፤ በአዳራሹ ውስጥ የሚያልፈው ንጹህ አየር ብቻ ሆነ። ሳሕራና ጓደኛዋ ድስቱን አሥራ አንድ እርምጃ ወስደው አስቀመጡት፤ ሳሕራ መልሳ አነሳችውና ሳይደክማት ሁለተኛ አመጣችው፤ ዳኞቹ ፊት ለማሳየት። ተማሪው ሳቀ፣ አጨበጨበ። በአንደኛው ፕላን የመጀመሪያውን መቶ ተማሪ ለማደል ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጅቶ ነበር። በሁለተኛው ቀሪው መቶ በአሥራ ሦስት ደቂቃ በልቶ ጭማሪ ሲጠይቅ ተገኘ።

ሰብሳቢው ሩዝና ምስራቸውን እየበሉ ፕላኑን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አዩት። «ደረጃውስ የት ሄደ?» አሉ።

«የመኪናው መንገድ ወሰደው።»

«እኔ ድምፄን የሰጠሁት ለደረጃው ነበር።»

«እኔም ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነበር» አለቻቸው። «ደረጃ ላይ መቀመጥ ደስ ይላል ጋሼ። ይህ ቤት ግን መጀመሪያ ሰው ሊበላበት ነው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩአት። ሲሄዱ እጇን ጠበቅ አድርገው ጨበጧት።

እንደተባለውም ሁለተኛ የወጣው ድርጅት አቤቱታ አስገባ። ስድስት ሳምንት ጠበቁ። በነዚያ ሳምንታት ጋሽ ሣህሉ ሲጋራ ማጨስ እንደገና ጀመረ፤ ዊዳድ ግን እያንዳንዱን ቀን አዲሱ ፕላን ላይ ሠራች። «ባይፈቀድስ?» ሲላት፣ «ይፈቀዳል፤ ሲፈቀድ ደግሞ አልቆ መገኘት አለበት» ትለዋለች። ደብዳቤው መጣ። ዳኞቹ ግድግዳው፣ ጣሪያውና የቤቱ ሐሳብ ያው ነው፤ የተደረገው ማሻሻያ ነው ብለው ወሰኑ። የተጨመረ ቀን ግን የለም፤ የተጠናቀቀው ፕላን በመጀመሪያው ቀነ ገደብ ይቀርባል። ዊዳድ ከቀነ ገደቡ አራት ቀን ቀደም ብላ ፕላኑን ኒቆዲሞስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

ግንባታው ሁለት ዓመት ፈጀ። ጋሽ ሣህሉ ድንጋዩን ራሱ እየመረጠ፣ ያልጣመውን እያስመለሰ ከግንበኞቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ከረመ። በበር ላይ የነበረው ሥዕል ወረደና ሌላ ተሰቀለ። አዲሱ ሥዕል እንደ ድሮው አያምርም፤ ይህን ዊዳድም አትክድም። ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ ጥላው የሰፋ የድንጋይ ቤት ነው። ቤቱ ሲያልቅ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ ከአዲስ አበባ መጥቶ አይቶት፣ «ትንሽ መጋዘን አይመስልም?» አላት። «ገብተህ ተቀመጥና ንገረኝ» አለችው። ገባ፤ ሰኔ ቀትር ላይ ነበር። አንድ ሰዓት ተቀምጦ ወጣ፤ ስለ መጋዘን ግን ዳግመኛ አላነሳም።

ተማሪው የገባው በመስከረም ነው። በመጀመሪያው ቀን ዊዳድ ማንንም ሳትነግር መጥታ አንድ ምሰሶ አጠገብ ቆመች። ምሳው ተጀምሮ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው መብራት ጠፋ። ሁለት ሦስት ራስ ወደ ጣሪያው ቀና አለ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ነፋሱ በበረንዳው ገብቶ በተራራው በኩል ይወጣ ነበር። ኒቆዲሞስ ከማዶ አያትና መጣ።

«አርክቴክት ዊዳድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። አንቺ ሲላት የመጀመሪያው ነበር፤ ራሱም ልብ ያለው አይመስልም። «የቤተ መጻሕፍቱን ንድፍ ሌላ ድርጅት ነው የሠራው። ከመጀመራችን በፊት አይተሽ አስተያየት ትሰጪኛለሽ?»

«በደብዳቤ ጠይቁኝ፤ እነሱም ይወቁት። ከዚያ አያለሁ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞቹንም ማነጋገር እፈልጋለሁ።»

«ሦስት ቀን?»

«እንደየሁኔታው፤ አራትም ሊሆን ይችላል።»

ምሳው አልቆ ተማሪው ወደ ላይ ወደ ማዕከሉ ሲወጣ፣ ወጥ ሠሪዎቹ ሳህናቸውን ይዘው ከወጥ ቤቱ ጎን ወዳለች ክፍል ገቡ። መስኮቷ ወደ ተራራው የሚያይ፣ ግድግዳዋን ተከትሎ የድንጋይ መቀመጫ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። የሺአረግ በሩ ላይ ቆመው ዊዳድን በጣታቸው ጠሯት።

«ነይ ግቢ፤ ምን እንደ እንግዳ ትቆሚያለሽ? ሳሕራ፣ አስጠጊያት።»

ሳሕራ ሳቅ እያለች ቦታ ለቀቀችላት። «አባዮ፣ ይቺ ክፍል አንድ ነገር ይጎድላታል። ልብስ መስቀያ የለም። ሽርጣችንን የት እንስቀል?»

ዊዳድ ግድግዳውን ዞራ አየችው። እውነት ነው፤ አንድም መስቀያ የለም።

«አሥራ አምስት ይበቃል?»

«ሃያ አድርጊው» አሉ የሺአረግ፣ ሳህኑን ጉልበቷ ላይ እያስቀመጡላት። «በሚቀጥለው ዓመት አምስት ሰው ይጨመርልኛል። አሁን ብዪ፤ ይቀዘቅዛል።»

ዊዳድ እጅጌዋን ሰብስባ መብላት ጀመረች።